ከአሮጌ ጎማ በርጩማ፣ ከነተበ አንሶላ ምንጣፍ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት፦ መለየትና ማጠብ

በረንዳው ላይ የተሰበሰበው ዕቃ ይህ ነው፦ ጎኑ ላይ 175/70 አር13 የሚል ጽሑፍ ያለበት የቤት መኪና ጎማ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ጉልበቱ የተበላ ጂንስ ሱሪ፣ መሃሉ የሳሳ አንሶላ፣ ጥለቱ ብቻ ደህና የሆነ ነጠላ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ከአሮጌ ፍራሽ የተረፈ ስፖንጅ፣ ጥቂት የቲማቲም ድልህና የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች። ቆራሌው በሰፈሩ ሲያልፍ ግማሹን ይወስደው ነበር። ያም መጥፎ መንገድ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ እጆች ከእንዲህ ያለ ውዳቂ ምድጃና ወንፊት ያወጣሉ። እዚህ የተመረጠው ግን ቤት ውስጥ፣ በቤት መሣሪያ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከጎማው፣ ከጠረጴዛውና ከጂንሱ ውስጡ ዕቃ የሚይዝ የቡና በርጩማ ይወጣል። ጀሪካኖቹ የሰላጣና የጎመን መትከያ ይሆናሉ፣ አንሶላው ክብ ምንጣፍ፣ ቆርቆሮው የሻማ ፋኖስ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ዕቃው ከዚህ በፊት ምን ሲሠራ ኖረ የሚለው ነው። አዲሱን ሥራ የሚወስነው እሱ ነው። ጀሪካን የምግብ ዘይት እንደያዘ እርግጠኛ ካልሆኑ የሚበላ ነገር አይትከሉበት። ጸረ ተባይ፣ የባትሪ አሲድ፣ የሞተር ዘይት ወይም ቀለም የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ አይነጻም፤ ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ወደ ገላው ስቦ ያስቀረዋል። ታችኛው ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ቁጥር 2 የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። ምን ይዞ እንደኖረ አይነግርም። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር አይቶ ይተማመናል፤ መተማመኛ አይደለም።

ጎማ ሲመረጥ ጥርሱ ያለቀው ይሻላል። ቀለል ይላል፣ ገመድም በደንብ ይቀመጥበታል። የማይሆነው ሽቦው የወጣ ጎማ ነው። የመኪና ጎማ ከመሬት ጋር በሚገናኘው ክፍሉ ውስጥ የብረት ሽቦ መረብ አለው፤ ጎማው በጣም ሲበላ ሽቦው እንደ መርፌ ይወጣል። ስለዚህ በባዶ እጅ ሳይሆን ወፍራም ጨርቅ ይዞ ዙሪያውን መዳበስ ነው። ጨርቁን የሚይዝ ነገር ካለ ያ ጎማ ወደ ጎሚስታው ይመለስ። ጎኑ ላይ ካለው ረጅም ኮድ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2314 ማለት እ.ኤ.አ. የ2014 23ኛ ሳምንት ነው። ለመቀመጫ ዕድሜው ብዙ አያሳስብም። ጎኑ ሁሉ በጥቃቅን ስንጥቅ የተሞላ ጎማ ግን ጥቁር ዱቄት ስለሚያራግፍ ለቤት ውስጥ አይመችም።

አጠባው፦ 10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኦሞ፣ የሽቦ ብሩሽ። ውጭውን ብቻ ማጠብ አይበቃም፤ የመንገድ አቧራ የተጠራቀመው ውስጡ ነው። ጎማ እንዴትም ቢገለበጥ ከንፈሩ ውስጥ ውሃ ያስቀራል፤ ስለዚህ አቁሞ ማንከባለል፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ውስጡን መጥረግ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ማቆም። ይህን ማቃለል አይገባም። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን ለመጣል ከምትወዳቸው ቦታዎች አንዱ በአሮጌ ጎማ ውስጥ የቆመ ውሃ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ወረርሽኙ ደርሶባታል። ለሥራ ተብሎ የተቀመጠ ጎማ ዝናብ ላይ አይደር።

ጀሪካኖቹ በሙቅ ውሃና በኦሞ ሦስት ጊዜ ታጥበዋል። የዘይት ቅባት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። ጣት ገብቶ ሲያሹት የማያንሸራትት ከሆነ በቅቶታል።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ሁለት ክብ እንጨቶች

የዚህ ጎማ ውጫዊ ስፋት 57.5 ሴንቲ ሜትር፣ የመሃል ቀዳዳው 33 ሴንቲ ሜትር፣ ተኝቶ ሲለካ ቁመቱ 17.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ጎማው ላይ ከተጻፈው ይወጣሉ። 175 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ ያሳያል፣ 13 ደግሞ የቸርኬው ስፋት በኢንች። ሌላ ቁጥር ያለበት ጎማ የያዘ ሰው በዚሁ መንገድ የራሱን ያስላ።

ከጠረጴዛው ገበታ ሁለት ክብ እንጨቶች ይወጣሉ፤ አንዱ ለታች፣ አንዱ ለክዳን። ሁለቱም 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፐርሳቶ። 50 የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። የጎማው ጎን ወደ መሃል ቀዳዳው ሲቃረብ ተጣጣፊ ነው፤ ጥንካሬው ያለው ወደ ውጭ፣ ወደ ትከሻው ነው። 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክዳን የሰውየውን ክብደት ተጣጣፊው ላይ ይጥለዋል፤ መቀመጫው ይሰምጣል፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈው ገመድም በየጊዜው እየተሳበ ይላቀቃል። ብዙ የጎማ መቀመጫ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ግን ገመዱን የያዘውን ማስቲሽ ይወቅሳል።

የጠረጴዛው ገበታ ቺፕውድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ የተሠራ) ከሆነ ይቅር። ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ቪቲም አይዝም፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል።

ክብ ለመሳል ሚስማር፣ ሲባጎና እርሳስ ይበቃል፤ ከሚስማሩ እስከ እርሳሱ ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር። ክብ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ለሌለው ሰው በእጅ መጋዝ የሚሠራበት መንገድ አለ። መጀመሪያ 50 በ50 ካሬ ይቆረጣል። ከየማዕዘኑ በሁለቱም በኩል 14.6 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ ማዕዘኖቹ ሲቆረጡ ስምንት ጎን እኩል የሆነ ቅርጽ ይወጣል። ከዚያ የቀሩት ስምንት ማዕዘኖች በትንሹ ይቆረጣሉ። አሁን 16 ጎን ሆኗል፤ የቀረው ለእንጨት ሞረድና ለ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነው። መጋዙ ኮምፐርሳቶውን ከታች በኩል ይሰነጥቀዋል፤ መቁረጫው መስመር ላይ ከታች ፕላስተር መለጠፍ ይከላከላል።

ከጠረጴዛው ደህና እግሮች 5 በ5 ውፍረት ያላቸው፣ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ አራት አጫጭር እግሮች ተቆርጠዋል። ሲደመር፦ እግር 10፣ የታች እንጨት 1.2፣ ጎማ 17.5፣ ክዳን 1.2፣ ስፖንጅ 5 (ሲቀመጡበት ወደ 3 የሚወርድ)። ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ረከቦት ፊት ለሚቀመጥ ሰው የሚመች ከፍታ ነው። እግር የሌለው ጎማ ለዚህ ያጥራል። ሁለት ጎማ መደራረብ ደግሞ ከወንበር እኩል ያደርሰዋል፣ ግን ይከብዳል።

እግሮቹ ከመሃሉ 21 ሴንቲ ሜትር ርቀው ይሰካሉ። ወደ መሃል ከገቡ ሰው ጠርዙ ላይ ሲቀመጥ በርጩማው ይገለበጣል። እያንዳንዱ እግር በኮላና ከላይ በሚገቡ ሁለት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቪቲዎች ይያዛል። ቪቲው የሚገባው በእግሩ አናት፣ እንጨቱ በተቆረጠበት ገጽ በኩል ስለሆነ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀድሞ ካልተበሳ እግሩ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ያ ገጽ ኮላን ይጠጣል፤ ስስ አድርጎ መቀባት፣ አሥር ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና ቀብቶ መግጠም። አንድ ጊዜ ብቻ የተቀባው ሲደርቅ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ኮላው ሌሊቱን ይደር።

እሑድ ጠዋት፦ ጎማውን መብሳት

ጎማ መብሳት የሚፈራ ሥራ ነው፤ የት እንደሚበሳ ላወቀ ግን ቀላል ነው። የበረባሶ ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። የቤት መኪና ጎማ በጎኑ ውስጥ ያለው የክር ሽፋን ስለሆነ መሰርሰሪያ ያሳልፋል። ሽቦው ያለው ከመሬት በሚገናኘው ክፍልና በመሃል ቀዳዳው ከንፈር ላይ ነው። ከከንፈሩ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር መራቅ። ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ መብሳት፤ ላስቲክ ከተበሳ በኋላ ተመልሶ ስለሚጠብ በ6 የተበሳ ቀዳዳ ብሎኑን አያስገባም። መሰርሰሪያው ላስቲክ ውስጥ ተይዞ ድሪሉን ከእጅ ሊጠመዝዝ ይችላል። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ፣ ጫፉን የሳሙና ውሃ እየነከሩ፣ ድሪሉን በሁለት እጅ መያዝ ነው።

የታችኛው እንጨት ከጎማው ጋር በአራት ባለ 6 ሚሊ ሜትር፣ 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ብሎኖች ታስሯል፤ ቀዳዳዎቹ ከመሃሉ 21 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በእግሮቹ መካከል። የብሎኑ ራስ ወደ ጎማው ውስጥ ነው፣ ዳዶው ከእንጨቱ ሥር። ውስጡ ጨርቅና መጽሔት ስለሚቀመጥበት የብሎን ጫፍ እንዳይቀድ ነው። በላስቲኩ በኩል ሰፊ ሮንደላ (መሃሉ የተበሳ ክብ ብረት) የግድ ነው፤ ያለ ሮንደላ የብሎኑ ራስ ላስቲኩን ሰርጉዶ ያልፋል። ዳዶው ላስቲኩ ትንሽ እስኪጎደጉድ ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ላስቲኩን ከመጭመቅ ሌላ ጥቅም የለውም።

በርጩማው በረንዳ ላይ ስለሚውል ጎማውንም እንጨቱንም የሚያልፉ ሦስት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ተበስተዋል፤ ዝናብ ቢገባበት መውጫ እንዲያገኝ። ሳሎን ውስጥ ለሚቀመጥ አያስፈልግም።

እሑድ ከሰዓት፦ ገመድ

ከሁሉም ጊዜ የሚወስደውና ውበቱን የሚወስነው ይህ ነው። የተመረጠው 10 ሚሊ ሜትር የቃጫ ገመድ ነው። የናይለን ገመድ ማስቲሽ አይይዝለትም፤ ይንሸራተታል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የጎማው ዙሪያ 1.8 ሜትር፣ ቁመቱ በዚህ ውፍረት 18 ዙር ይወስዳል፤ 32.4 ሜትር። ለትከሻው መታጠፊያና ለጫፎቹ ተጨምሮ 36 ሜትር። በ8 ሚሊ ሜትር ገመድ የሚሠራ ሰው 45 ሜትር ይያዝ። ከሁለት ቁራጭ ከመቀጠል ትርፍ መግዛት ይሻላል፤ መጋጠሚያው ሁልጊዜ ይታያል።

ቃጫ ሲገዛ ፀጉር አለው፤ ቀሚስና ካልሲ ይይዛል። ፀጉሩን በላይተር ነበልባል ፈጥኖ እያለፉ ማቃጠል ይቻላል፤ ይህ ግን ማስቲሹ ከመከፈቱ በፊት፣ ሜዳ ላይ የሚሠራ ነው። ማስቲሽ የሚተንነው ፈሳሽ እሳት ይስባል። ቆርቆሮው ከተከፈተ ጀምሮ እዚያ በረንዳ ከሰል አይቀጣጠልም፣ ቡና አይፈላም፣ ሲጋራም የለም። ሽታው ራስ ያዞራል፤ በር ዘግቶ አይሠራም፣ ልጆች አጠገቡ አይቀመጡም፣ ሲያልቅም ክዳኑ ተገጥሞ ከልጆች ርቆ ይቀመጣል።

ላስቲኩ መጀመሪያ በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ይፈገፈጋል። አዲስ የሚመስለው ጥቁር አንጸባራቂ ገጽ ሰም አለው፤ ጎማ ፀሐይና አየር እንዳይሰነጥቀው ተብሎ ሲመረት የገባበት ሰም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ማስቲሹ የሚለጠፈው ሰሙ ላይ ከሆነ በሳምንቱ ገመዱን ይዞ ይገለበጣል። ከተፈገፈገ በኋላ በቲነር በራሰ ጨርቅ አንዴ ይጠረጋል።

ማስቲሽ ሁለቱም ገጽ ላይ ይቀባል፤ ላስቲኩም ገመዱም። ከዚያ 10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ጣት ሲነካው የማይከተል ሲሆን ነው የሚገጠመው። እርጥብ እያለ የተለጠፈ ገመድ ይንሸራተታል፤ ውስጡ የታፈነው ፈሳሽም ለቀናት ይሸታል። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚቀባው ሁለት ዙር የሚሸፍን ብቻ ነው።

የገመዱ መጀመሪያ ጫፍ በጎማውና በታችኛው እንጨት መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ በአንድ ቪቲ ይያዛል። ከታች ወደ ላይ መጠምጠም። እያንዳንዱ ዙር ከሥሩ ባለው ላይ በአውራ ጣት ተጭኖ እንዲቀመጥ እንጂ ተጎትቶ እንዳይወጠር። የተወጠረ ገመድ መሃሉ ላይ ደህና ይመስላል፤ ወደ ላይኛው ትከሻ ሲደርስ ዙሪያው እየጠበበ ስለሚሄድ ወደ ላይ ይንሸራተትና ከሥሩ ጥቁር መስመር ይከፈታል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ አምስት ዙሮች ላይ በየእጅ ስፋቱ በሲባጎ ጊዜያዊ እሰር ተደርጎ እስኪደርቅ ይተዋል። መጨረሻው ጫፍ በሰያፍ ተቆርጦ፣ በኮላ ታሽቶ ከክዳኑ ሥር በሚሸፈነው ቦታ ይለጠፋል። ኮላ ያልነካው የቃጫ ጫፍ በራሱ ይፈታል።

24 ሰዓት ማንም አይቀመጥበት። ቫርኒሽ መቀባት የሚወዱ አሉ፤ ቃጫውን ያጠቁረዋል፣ ሲነኩትም ያሻክራል። ጣራ ሥር ለሚቀመጥ ዕቃ ባይቀባ ይመረጣል።

ገመድ ትቶ ጎማውን በቀለም ብቻ ለማስዋብ የሚፈልግ ሰው በውሃ የሚቀጥነውን ቀለም ይጠቀም። የዘይት ቀለም ጎማ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚጣበቅ ሆኖ ይቆያል፤ ልብስም ያበላሻል።

ሰኞ ማታ፦ ክዳንና ትራስ

ክዳኑ አይታሰርም፤ ይነሳል። እንዳይንሸራተት ከሥሩ አራት ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች ተለጥፈው በቪቲ ተይዘዋል። የውጭ ገጻቸው ከመሃሉ 15.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የጎማው ቀዳዳ ከመሃሉ 16.5 ስለሆነ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ማወዛወዣ ይተርፋል። ከዚህ ቢጠብ ክዳኑ ይቀረቀራል።

ስፖንጁ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ክብ። በጥርሳማ የዳቦ ቢላዋ ይቆረጣል፤ መቀስ ጠርዙን ያዛንፈዋል። ላዩ ወደ ቢጫ የሄደና ሲያሹት የሚፈረፈር ስፖንጅ አልቋል፤ ለዚህ አይሆንም።

ልብሱ ከጂንሱ ይወጣል። የሚያስፈልገው ስፋት ክዳኑ 50፣ በየጎኑ ለስፖንጁ 5፣ ለእንጨቱ 1.2፣ ለሥር መታጠፊያ 6 ሲጨመር 74.4 ሴንቲ ሜትር ነው። የአዋቂ ሱሪ አንድ እግር በውስጥ ስፌቱ ሲከፈት ከጉልበቱ አካባቢ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 75 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይገኝበታል። ሁለቱ እግሮች በ1.5 ሴንቲ ሜትር ስፌት ሲጋጠሙ 77 በ75 ይሆናል። ልክ ይበቃል፤ የሚባክን የለም። የተቀደደው ጉልበት ከውስጥ በኪስ ጨርቅ ተደግፎ በዚግዛግ ይሰፋል። ለመኪና ስፌት 16 ቁጥር መርፌ። ቀጭኑ መርፌ ጂንስ ላይ ይሰበራል። ስፌቱ ከውስጥ ተከፍቶ በካውያ ይተኮስ፤ ካልተተኮሰ መቀመጫው መሃል ላይ ጉብታ ሆኖ ይሰማል።

ጨርቁ ከሥር በ10 ሚሊ ሜትር የጫማ ሚስማር ይመታል። ርዝመቱን አይጨምሩ፤ እንጨቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ የረዘመ ሚስማር ወደ ተቀማጩ ይወጣል። አመታቱ በመስቀል ነው፦ አንድ ሚስማር፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ፣ ከዚያ ሁለቱ ጎኖች። ዙሪያውን ተከታትሎ የመታ ሰው መጨረሻ ላይ ጨርቁ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተጎትቶ ያገኘዋል። በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ሲመታ ወደ 35 ሚስማር ይገባል።

የነጠላው ጥለት እዚህ ቦታ አገኘ። ከጥለቱ በላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነጩን አስቀርቶ መቁረጥ፤ ጥለቱን ከድንበሩ ከቆረጡት ማጉ ወዲያው ይፈታል። መጀመሪያ ታጥፎ በእጅ ይጠለፋል፣ ከዚያ በክዳኑ ጎን ዙሪያ ይሰፋል። ነጠላው ቢነትብም ጥለቱ ላይ የፈሰሰው የሸማኔ እጅ አሁንም ደህና ነው፤ እሱን ለመወልወያ ጨርቅ መተው ያሳዝናል።

ማክሰኞ ማታ፦ ጀሪካን

ጀሪካኑ በሰፊ ጎኑ ይተኛል፣ መያዣው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን እንጂ ወደ መሬት አይሆንም። ላዩ ላይ መስኮት ይቆረጣል፤ ዙሪያውን 4 ሴንቲ ሜትር ጠርዝ ይተዋል። ጠርዙ ጠቅላላ ከተነሳ ጎኖቹ በአፈሩ ክብደት ወደ ውጭ ያብጣሉ። ቢላዋ በእሳት አግሎ መቁረጥ የተለመደ ነው፤ ጭሱ ለጤና አይበጅም፣ ጠርዙም ይጎረብጣል። አንድ ማዕዘን ላይ በድሪል በስቶ በከተር ደጋግሞ ማለፍ ይሻላል።

ታችኛው ላይ አሥር ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች፣ በላያቸው አንድ ቁራጭ የአጎበር ጨርቅ። ከታች ጠጠር መደርደር ብዙዎች ያደርጉታል፤ አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጨርሶ ሲጠግብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ የረጠበውን ክፍል ወደ ሥሩ አስጠግቶ የአፈሩን ጥልቀት ይቀንሳል።

አፈሩ፦ ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። እስከ ጠርዙ ሲሞላ 14 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ውሃ ሲጠጣ ከ20 ኪሎ በላይ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታው ላይ አስቀምጦ መሙላት። አንዱ አራት ሰላጣ ወይም ሁለት ጎመን ይይዛል። ጤና አዳም ከተተከለ ለብቻው ይሁን፤ ዓመታትን የሚኖር ስለሆነ ቦታውን ሁሉ ይይዛል።

ይህ ፕላስቲክ ቀለም አይቀበልም፤ ይቀባና ልጣጩ ይረግፋል። ፀሐይም ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። በየጊዜው ጠርዙን በጣት መጫን፤ ነጭ መስመር ከታየ ወይም ከተሰነጠቀ ጊዜው አልፏል። ፍርፋሪው አፈር ውስጥ ሳይቀላቀል ይቀየር።

ረቡዕና ሐሙስ ማታ፦ ምንጣፍ

60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ክብ ምንጣፍ፣ ጉንጉኑ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሰፋ፣ 14 ሜትር ጉንጉን ያስፈልጋል። ሲጎነጎን ርዝመቱ ስለሚያጥር እያንዳንዱ ዘለላ 19 ሜትር፤ በሦስት 57 ሜትር፣ በ4 ሴንቲ ሜትር ስፋት። ይህ 2.3 ካሬ ሜትር ጨርቅ ነው። አንድ የነጠላ አልጋ አንሶላ መሃሉ ሳስቶ ቢጣል እንኳ ከጎኖቹ ይወጣል።

ጥጥ አንሶላ በመቀስ አይቆረጥም፤ ጠርዙ በመቀስ ይነካና በእጅ ይቀደዳል። በክሩ መስመር ስለሚሄድ ስፋቱ እኩል ይሆናል። ቀጥ ብሎ የማይቀደድ ጨርቅ ሰው ሠራሽ ክር አለበት፤ ይንሸራተታል፣ ጉንጉኑም ላልቶ ይቀራል። የቀረው ነጠላ ልል ስለሆነ በ8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ተቀድዶ ከነጭ ዘለላዎቹ አንዱ ሆኗል። በጠባቡ ቢቀደድ ማጉ ተመዞ ያልቃል።

ዘለላ ሲቀጠል በቋጠሮ አይሆንም፤ ቋጠሮው ከእግር ሥር ይጎረብጣል። የሁለቱ ጫፎች በሰያፍ ተደርበው በጥቂት ስፌት ይያዛሉ። ሦስቱ ዘለላዎች እኩል ርዝመት አይኑራቸው፤ እኩል ከሆኑ መጋጠሚያዎቹ አንድ ቦታ ይወድቁና ጉንጉኑ እዚያ ይወፍራል።

መስፋቱ ከመሃል ይጀምራል፣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ። ጭን ላይ የሚሰፋ ምንጣፍ የጭንን ቅርጽ ይይዛል። ክሩ ሲጠበቅ ምንጣፉ እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል፤ ጉንጉኑ ሲላላ ደግሞ ጠርዙ ይሞገዳል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፦ የውጩ ዙር ከውስጡ ይረዝማል። በመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ዙሮች መርፌው ከውስጡ ዙር እያንዳንዱን አንጓ ሲይዝ ከውጩ አልፎ አልፎ አንዱን ይዝለል። ከዚያ በኋላ ኩርባው ስለሚሰፋ አንድ ለአንድ ይቀጥላል። መጎድጎድ የታየበት ዙር ተፈትቶ ይሰፋል እንጂ በካውያ አይቃናም። ክሩ ወፍራም የፖሊስተር ክር ይሁን፤ ተራ የጥጥ ክር ሲታጠብ ይበጠሳል።

ዓርብ፦ ቆርቆሮ

የሻማ ፋኖስ ለመሥራት ቆርቆሮው ባዶውን በሚስማር ቢመታ ይጨመደዳል። በውሃ ሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማደር፤ ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ከላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጉደል፣ ካልሆነ ታችኛው ያብጣል። በረዶው ከውስጥ ደግፎት በሚስማርና በመዶሻ ቀዳዳው ጥርት ብሎ ይወጣል። ማቀዝቀዣ የሌለው እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቆ ይምታ፤ ያን ያህል ባይጠራም ይሆናል። የውስጡ ቀዳዳ ጠርዝ ስለት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ከታችኛው ጠርዝ በላይ አራት ቀዳዳ ካልተተወ ሻማው አየር አጥቶ ይጨሳል።

ጠርሙስ በሲባጎና በነጭ ጋዝ አቃጥሎ መቁረጥ በየቦታው ይታያል። እዚህ አልተሠራም። ስንጥቁ ከመስመሩ ወጥቶ ይሮጣል፣ ጠርዙም በቤት መሣሪያ ደህና አይሆንም። ጠርሙሱ እንዳለ የአበባ ማስቀመጫ ይሁን።

ቅዳሜ፦ ፍተሻ

በርጩማው ንጣፍ ላይ ቆሞ በየማዕዘኑ ተጭኗል። አንድ እግር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከእግሩ ሥር የሚገባውን ወረቀት በማጠፍ ክፍተቱን መለካት፣ ከዚያ የረዘሙትን ሁለት እግሮች እያንዳንዳቸውን በክፍተቱ ግማሽ ልክ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ። አጭሩን በቁራጭ እንጨት ማስረዘም ቶሎ ይረግፋል። ከዚያ አንድ አዋቂ ይቀመጥበት፤ ሲነሳ ገመዱ ላይ ጥቁር መስመር ከታየ ክዳኑ ወደ ትከሻው አልደረሰም ማለት ነው።

ከጂንሱ የተረፈው ወገቡና ሁለት የኋላ ኪሶች በግድግዳ ላይ ተሰቅለው መቀስና ሜትር ይይዛሉ። የቀረው ገመድ ለጀሪካኖቹ መያዣ በቂ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አራቱ ዳዶዎች እንደገና ይጠበቃሉ። ላስቲክ በጭነት ሥር ቀስ በቀስ ስለሚቀጥን መጀመሪያ የጠበቀው ብሎን ይላላል፤ ከዚህ ሁለተኛ ማጥበቅ በኋላ በየስድስት ወሩ መፈተሽ ይበቃል።